በርሜሉ ላይ የተጻፈው

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ትራክተሩ ዛሬ ማረሻውን ማንሳት አቃተው። ሹፌሩ ማንሻውን ሲጎትት ማረሻው እየተንቀጠቀጠ ግማሽ ድረስ ወጣና ተመልሶ ዘጭ አለ። ሹፌሩ ወርዶ የዘይቱን መለኪያ መዘዘ። ዘይቱ ነጥቷል፣ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ወንዝ ሲሻገር ውሃ ገብቶበታል። «ሙሉውን አፍስሰን መለወጥ ነው፣ እትዬ» አለኝ። እርሻ ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው።

ይህን ሰው ሁሉም ቀማሹ ነው የሚለው። ዘይት ሲመርጥ ጣቱን ይነክራል፣ በሁለት ጣቱ መሃል ያሻል፣ ያሸታል፣ መጨረሻ ላይ የምላሱን ጫፍ አስነክቶ ይተፋል። ሃያ ስድስት ዓመት የባሌ ሹፌር ነበር። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ትራክተሩም ሹፌሩም ለእኔ ቀሩ። ባሌ ስለ ትራክተሩ ከእኔ ጋር አንድም ቀን አላወራም። ከእሱ ጋር ግን እራቱ እስኪቀዘቅዝ ያወራ ነበር፤ የማሞቀው እኔ ነበርኩ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ልጄ የትናንቱን ጽሑፌን አይታ ሰባት ስህተት አገኘች። በእርሳስ አክብባ መለሰችልኝ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ባሌ በሞተ በአራተኛው ወር፣ በሴቶች አዳራሽ። አስተማሪያችን በየጊዜው ትንሽ ካልጻፋችሁ እጅ ይረሳል ብላናለች። ስለዚህ እጽፋለሁ። ለልጄ ግን ከእንግዲህ አላሳይም። ስህተቱም የራሴ ነው።

ድሮ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብልኝ ባሌ ነበር። የፈለገውን እያነበበ ያልፈለገውን ይዘል እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ከቀማሹ ጋር ዘይት ቤት ሄድን። ባሌ ሁልጊዜ ብቻውን ነበር የሚልከው። እኔ ግን ከሻጩ ጋር ምን እንደሚነጋገር በምን አውቃለሁ? ደግሞ አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወለሉ ጫማ ይይዛል። በርሜሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እያንዳንዳቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከላይ በትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ በደቃቅ። ቀማሹ ወረቀቶቹን ዞር ብሎም አላያቸው። ከሦስት በርሜል እየነከረ አሸ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ተፋ። ከዚያ ወፈር ያለ ቢጫ ዘይት ያለበትን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። የእኛ ይሄ ነው አለ።

ጠጋ ብዬ አነበብኩ። ሁ፣ ለ፣ ገ፣ ብ። ሁለገብ። ሻጭ ሁሉ የሚወደው ዓይነት ቃል ነው። አጠገቡ ያለው ግን «ሃይድሮሊክ» ይላል። የተበላሸብን ሃይድሮሊኩ፣ ማረሻውን የሚያነሳው ነው፤ መካኒኩም፣ ጎረቤቱም፣ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ከቃሉ ሥር ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። ከኋላችን ሦስት ወንዶች ተራ ይጠብቃሉ፤ ሻጩ እጁን አጣምሮ ያየኛል። ትልቁን አነበብኩ፣ በቃ።

«እትዬ፣ ያኛው ቀጭን ነው» አለኝ ቀማሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኛ ትራክተር ሆዱ አንድ ነው። ማርሹም፣ ማንሻውም፣ ፍሬኑም ከዚያው ነው የሚጠጡት።»

«በርሜሉ ምን ይላል?» አልኩት።

ፊደል እንደማያውቅ አውቃለሁ።

«አንብብና ንገረኝ። እኔ የማየው ሃይድሮሊክ የሚል ነው።»

ከሦስቱ አንዱ ሳቀ። ሌላው፣ «የተማረው ምላሱ ብቻ ነው» አለ። እኔም ሳቅሁ። ቀማሹ አንገቱን ደፍቶ እኔ ያልኩትን ዘይት በጄሪካን ያስሞላ ጀመር።

ስንመለስ ከኋላዬ ቀርቶ ነበር የሚሄደው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። መጻፉ ይከብዳል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አሮጌው ዘይት ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ማረሻው እንደ ላባ ተነሳ። ሦስት ጊዜ አስነሳሁት፤ ጎረቤትም አየ። ቀማሹን «እሺ?» አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ማንሻው ጥሩ ነው አለኝ። «ማንሻው» ብሎ ለይቶ መናገሩ አላመለጠኝም።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ቀን። ሁለት ማሳ ታረሰ። ነገ ሦስት። የትኛው ትራክተር የትኛውን ማሳ እንደሚያርስ የሚመድበው የገበሬዎች ማኅበር ነው። ስማችን መዝገቡ ላይ አራተኛ ነው። አንድ ቀን የቀረ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ቀን የቀረ ይሰረዛል። ደክሞኛል።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ፍሬን ሲያዝ ትራክተሩ ይጮኻል። መጮኽ ብቻ አይደለም፣ ያቃስታል፤ መቀመጫው ድረስ ይንቀጠቀጣል አለኝ ቀማሹ። እግርህ ከብዶ ይሆናል አልኩት። እግሬ የዱሮው እግሬ ነው አለኝ። ሲመልስልኝ ዓይኔን አያየኝም። ዘይት ቤት ከሄድን ወዲህ አይቶኝ አያውቅም። ካኮረፈ ያኩርፍ። እኔን ዕድሜ ልኬን ማን አባበለኝ?

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ልጄ ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት የምትሰጥ ናት። እራት ላይ የትራክተሩን መጽሐፍ ይዛ ቀረበች፤ ከአባቷ መሳቢያ አውጥታ። መጽሐፉ በባዕድ ቋንቋ ነው፣ እሷ ትችለዋለች። ፍሬኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው አለችኝ፤ የሚስማማው ዘይት ካልሆነ ፊቱ ይላላጥና መያዝ ያቆማል። የእኛ በርሜል ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ሃይድሮሊክ ይላል አልኳት። ሌላስ? ሌላ ነገር የለውም አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ መድኃኒት ስሰጥ ስሙን አይቼ ብቻ አልሰጥም። ለማን እንደማይሆንም አነባለሁ።»

«ትራክተር ራሱን አያመውም» አልኳት።

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ከዚያ ሳህኗን ይዛ ተነሳች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ስሆን «ሌላ ነገር የለውም» ያልኩት ነው የሚመላለስብኝ። ያላነበቡትን የለም ማለት ውሸት ነው? ደቃቁ ጽሑፍ የፋብሪካው አድራሻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አድራሻ ነው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

አራት ማሳ። ማንሻው አሁንም እንደ ላባ ነው። ይህንንም መጻፍ ያስፈልጋል።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ተራ ስጠብቅ ጸሐፊው ከውስጥ ሲያወራ ሰማሁት። ቀማሹ አርጅቷል ይላል። ትናንት ድልድዩ ጋ ሊቆም ብሎ አምስት እርምጃ አልፎ ነው የቆመው፤ ዓይኑ ሄዷል፣ ሴትዮዋ አዝናለት ነው የያዘችው ይላል።

ዓይኑ ምንም አልሆነም። ባለፈው ሳምንት መርፌዬን ክር ያስገባልኝ እሱ ነው። ገብቼ ይህንኑ መናገር እችል ነበር። ገባሁ፣ የነዳጅ ወረቀቴ ላይ ፈረምኩ፣ ወጣሁ። የፈረምኩት በራሴ እጅ ነው፣ እንደ ድሮው በአሻራ አይደለም። ጸሐፊው ጽሕፈቴን አደነቀልኝ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ቀማሹ ቤት መጣ። ግባ ስለው በሩ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን በእጁ ያዞረዋል። ዘይቱን እናፍስሰው አለኝ። በአንድ ቀን ያልቃል፤ ፍሬኑ እየሄደ ነው፤ ሲረግጠው ሳሙና የረገጠ ያህል ነው። አንድ ቀን ከቀረን ስማችን እንደሚወርድ ነገርኩት። አሥር ቀን ነው የቀረው፤ ያኔ ትቀይረዋለህ አልኩት።

«እንግዲያው የላይኛውን ቁልቁለት ለሌላ ትራክተር ያስደርጉልኝ» አለ። «ዘር ጭኖ በዚያ መውረድ…»

አልጨረሰውም። ጸሐፊውን ይህን ብለምነው ለምን ይለኛል። ፍሬኑ ሄዷል ካልኩት ፍሬኑን ምን ነካው ይለኛል። ከዚያ ዘይቱ ይመጣል።

«በከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ውረድ» አልኩት።

እሺ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ወርውሮ ይሄድ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ የዚህ ሰው እሺታ ነው። የባሌንም እሺ፣ የእኔንም እሺ። በእሺታው ውስጥ እኔና ባሌ እኩል እንዳልሆንን ግን ይሰማኛል።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ዝናብ። መንገዱ ጭቃ ነው። ቀማሹ ወጥቷል።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ቁልቁለቱ ላይ። ተጎታቹ ዘር ሞልቶ። አልቆመም። የማኅበሩ መጋዘን ግድግዳ። ቀማሹ ሆስፒታል ነው፣ ሕይወቱ አለች። የቀረውን ነገ እጽፋለሁ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ያዩ ሰዎች እንዲህ ነው የሚሉት። ከግማሽ ቁልቁለት ጀምሮ ፍሬኑን ይዞ ቆሞበታል፤ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እግሩ። ትራክተሩ እየጮኸ ወረደ። ከታች ሴቶች ከገበያ እየተመለሱ መንገዱን ሞልተውታል። መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለም፤ መሪውን ወደ መጋዘኑ አዞረው። ግድግዳው ፈረሰ፤ ከሴቶቹ አንዷም አልተነካችም። የእሱ ዳሌ ተሰብሯል፤ የቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ።

ሁሉም ዓይኑ ነው ይላል። ልጄ ግን ምሳ አቀረበችልኝ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ አየችኝ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

መካኒኩ ፍሬኑን ፈታው። ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ ቆሟል፣ እኔም ቆሜያለሁ። የፍሬኑ ሸክላዎች፣ እየተፋተጉ የሚያቆሙት ክቦች፣ ወጡ፤ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። መካኒኩ ዘይቱን በትሪ ቀድቶ አዘነበለው፣ እንደ ውሃ ሮጠ።

«ይህን ማን ነው እዚህ ውስጥ የጨመረው?» አለ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘይት የሚያውቀው ቀማሹ ነው» አልኩ። «ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ጸሐፊው ጻፈ። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀማሹን ምላሱን ቢቆርጡት እንኳ ይህን አይገዛም አለ። ጸሐፊው፣ ዕድሜ ነው፣ ምላስም ያረጃል አለው፤ ተሳሳቁ።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ዘይት የሚያውቀው እሱ ነው። ሁሉም ሰው ያውቃል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አየኋቸው፤ አንዷም ውሸት የለባትም። ታዲያ እንደገና የማነባቸው ለምንድን ነው?

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

የቀማሹ ሚስት መጣች። ልትጮኽብኝ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ነበር የጠበቅኋት። የትራክተሩን ቁልፍ በመሐረብ ቋጥራ አምጥታልኛለች፤ ኪሱ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ቁልፉ ጠፋ ብለው ይጨነቃሉ፣ ቶሎ አድርሺላቸው አለኝ አለች። ነቅቶ መጀመሪያ የጠየቀው ከሴቶቹ የተጎዳች አለች ወይ ብሎ ነው። ሁለተኛ የጠየቀው ዘሩ ረጥቧል ወይ ብሎ ነው።

«ስለ እኔ ምን አለ?» አልኳት።

«ምን ይበል፣ እትዬ?» አለችኝ። የምሯን ነበር። ምንም እንዳልነገራት ያኔ ገባኝ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ብቻዬን ዘይት ቤት ሄድኩ። የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። መነጽሬን አድርጌ በርሜሉ ሥር ቁጢጥ አልኩ። ደቃቁን ለማንበብ ሩብ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አልቀረም። አድራሻ አይደለም።

«ለማንሻና ለፓምፕ ብቻ። ፍሬናቸው ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ትራክተሮች አይጨመር።»

የሁለገቡንም አነበብኩ። «ለማርሽ፣ ለማንሻ፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሬን።» ቀማሹ ያለኝ ነው፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። እሱ በምላሱ ያነበበውን እኔ በዓይኔ ለማንበብ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ሻጩ ምን ልስጥዎት አለኝ። ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«የሚያነቡ መስሎኝ» አለ።

ለክፋት አልነበረም። ያ ነው የባሰው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ጸሐፊው ወረቀት ሰጠኝ። አደጋው የደረሰው በሹፌሩ ጥፋት ነው ይላል። መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል። ትራክተሩ ተጠግኖ በሌላ ሹፌር መዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ጥፋቱ የባለቤት ቢሆን ኖሮ ግን ከመዝገብ ይሰረዝ ነበር። ይህን ጸሐፊው እንደ መልካም ዜና ነው የነገረኝ። ሹፌሩ አሻራውን ካላደረገበት ግን አይጸናም፤ ሰው ፊት ሊነበብለት ይገባል።

«እርስዎ አሁን ያነባሉ አይደል?» አለኝ። «ወስደው ያንብቡለት፤ ከእርስዎ ሲሰማው ይቀለዋል።»

የቀለሙን ሳጥንም ጨመረልኝ። ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አይሆንም ማለት እችል ነበር። ዕድሜ ልኬን እንደለመድኩት፣ ማንበብ አልችልም ማለትም እችል ነበር።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሆስፒታል። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፣ የእሱ ጥግ ነው። እግሩ ተሰቅሏል። ፊቱ ትንሽ ሆኗል። ደህና ነህ ወይ አልኩት፣ ደህና ነኝ አለኝ። ወረቀቱን አወጣሁ። ዓይኑን ጨፈነ።

ከላይ ጀመርኩ። ቀን፣ ቦታ፣ የትራክተሩ ቁጥር። ቀስ እያልኩ፣ እየተሰናከልኩ። ከዚያ እዚያ ጋ ደረስኩ፤ «የማይስማማውን ዘይት የመረጠውና የገዛው ሹፌሩ ሲሆን» ይላል። እኔ «የመረጠችውና የገዛችው የትራክተሩ ባለቤት ስትሆን» ብዬ አነበብኩ። አስቤበት አይደለም። አፌ ነው ያለው።

«እንደዚያ አይልም፣ እትዬ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ደነገጥኩ።

«ጸሐፊው ከትናንት ወዲያ መጥቶ ረቂቁን አንብቦልኛል። እንደተጻፈው ያንብቡት።»

«ታዲያ ለምን ትፈርማለህ?»

«ይሄ እግር ከእንግዲህ ፍሬን አይረግጥም። ፈቃዱ ምን ይሠራልኛል? ትራክተሩ ግን ከመዝገብ ከወጣ ዝጎ መቅረቱ ነው። የሳቸው ልፋት ነው።»

የሳቸው ማለት የባሌ ማለቱ ነው። ለአንድ አፍታ ለእኔ ሲል መስሎኝ ነበር። ለምን ለእኔ ሲል ያደርገዋል? ለእሱ ምን አድርጌለት? ቢሆንም መስሎኝ ነበር።

እንደተጻፈው አነበብኩት፣ እስከ መጨረሻው። አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ። ጥፍሩ ሥር አሁንም ጥቁር ነው፤ ነርሷ ብታጥበው አልለቀቀም። የቀለሙ ሳጥን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ ነበር።

«ቀለሙን ቤት ረስቼው መጣሁ» አልኩት።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጠዋት በሌላ ወረቀት ጻፍኩ። ልጄ አይታኝ ላርምልሽ አለችኝ፣ አይሆንም አልኳት። ወረቀቱ ማኅበሩ ጋ ስለሚቀር እዚህም ገልብጬዋለሁ።

«ዘይቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩ አይሆንም ብሎኝ ነበር፣ ሰው ፊት አሳፈርኩት። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አላነበብኩም። ፍሬኑ እየሄደ መሆኑን ቤቴ መጥቶ ነግሮኛል። ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስሜ ከመዝገብ እንዳይወርድ ብዬ። ሲጠየቅም ጥፋቱን ወደ እሱ የገፋሁት እኔ ነኝ። የሹፌሩ ዓይን ደህና ነው።»

ይህን ያደረግሁት ደግ ሆኜ አይደለም። ደግ ብሆን ኖሮ ሰኔ 3 ቀን አደርገው ነበር። ያን አውራ ጣት ወረቀት ላይ ይዤ መጫን አቃተኝ፣ ያ ብቻ ነው።

ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። አስበውበታል ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ሹፌሩ ራሱ ካመነ እርስዎ ምን አገባዎት አለኝ። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁት። ከዚያ መዝገቡን ስቦ በማስመሪያ ስሜ ላይ ቀይ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ሥር ስሜ አሁንም ይነበባል።

ወጥቼ መጋዘኑ ጋ ሳልፍ ግንበኞች ግድግዳውን ይሠሩ ነበር። አንደኛው ሌላውን፣ «ያቺ ናት» ሲለው ሰማሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ለቀማሹ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ አልሄድኩም፣ ደስም አላለው።

«ታዲያ ማሳዎቹን ማን ያርሳቸዋል?» አለ።

«ሌላ ሰው» አልኩት። «እኛ አይደለንም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከቤት ስነሳ የምለውን አስቤ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት፣ ልጅ እንኳ ይላታል። አላልኳትም። ብርድ ልብሱ ከደህናው እግሩ ላይ ተንሸራቶ ነበር፣ ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሽማግሌ ሚስቱ ነሽ ወይ አለኝ። አይደለሁም አልኩት፤ ሌላ ምን እንደሆንኩ ግን አልነገርኩትም።

ነርሷ የጥየቃ ሰዓት አለቀ ስትል ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ቀማሹ ተናገረ፣ ሳይዞር።

«ነገ ይመጣሉ?»

«ነገ እሑድ ነው» አልኩት።

እመጣለሁ ማለቴ ነበር። ገብቶት እንደሆነ አላውቅም።